ምስክሬ ደረቴ ውስጥ ነው

ውድ እህቴ፣ ከነልጆችሽ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የሚነገር የለኝም።

ጦር ሜዳ ለቆሰሉ የሚሰጠውን ሜዳሊያ በመጨረሻ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ ትሁት ናት፤ «አባቴ፣ ሲቆስሉ ያየ ምስክር አለዎት?» አለችኝ።

«ያዩት ሁሉ እዚያው ቀርተዋል። ምስክሬ ደረቴ ውስጥ ነው» ብላት፣ ራጅ እንድነሳ ሆስፒታል ላከችኝ።

የቦምቡ ፍንጣሪ ከጎድኔ ሥር ቁልጭ ብሎ ታየ። «ዶክተር፣ ይኸው! ውሸታም አይደለሁም!» አልኩት። እሱ ግን ብረቱን አላየልኝም፤ ጣቱን ከፍ አድርጎ ሌላ ቦታ አሳረፈና ሌላ ሐኪም ጠራ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?»

«እህት አለችኝ፤ ሩቅ ናት እንጂ።»

«እንግዲያው ይጥሯት» አለኝ። ሐኪም መቼም ነገር ማክበድ ይወዳል።

ቤት ስገባ የማሳየው ሰው ስላጣሁ፣ ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ብቻዬን አየሁት። በማግስቱ ጸሐፊዋ ጥያቄዬን ተቀበለች። ሜዳሊያውን በተሸላሚው ደረት ላይ የሚያደርግለት የቅርብ ዘመድ ነው ስትለኝ ያንቺን ስም ሰጠኋት። ኮቴንም እንዲያጠብበው ለልብስ ሰፊው ወሰድኩለት፤ «ጋሼ፣ ይሄ የማን ኮት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሜዳሊያው የሚሰጠው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ከተቻለሽ ግን እስከዚያ አትቆዪ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ