ለአምስቱ ሳጥን የሚሆን ቃል

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን፤ ሱቁም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ገበያችን ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ነው። ለእሱ የሚሆን ቃል በስልክ ልጠይቅህ ስጀምር፣ "ባለ አምስት ፊደል ቃል ለማግኘት ሽማግሌ አያስፈልግሽም፤ ስልክሽን ጠይቂ" ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አንተ ወንድሜ ዘንድ ከሄድክ በኋላ የገበያ ማዕከሉ አስተዳደር አዲስ ሕግ አወጣ። ከየሱቁ በር በላይ አምስት የመብራት ሳጥን ተሰቀለ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይገባል። የሱቅህ ስም አራት ፊደል ከሆነ አንዱ ሳጥን ባዶውን ያፈጥጣል፤ ስድስት ከሆነ አንዱ ፊደል ሜዳ ላይ ቀረ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። ሥራ ያቆመ አንድ ማስታወቂያ ሠሪ የተረፈውን የፕላስቲክ ፊደል በጅምላ ሲሸጥ ገዛሁት። ለምን እንደረከሰ የገባኝ ካርቶኑን ስከፍት ነው። ሰው የሚፈልገውን ፊደል ጨርሶታል፤ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት አለ፣ የቀረው ሁሉ ኤክስና ዜድ ነው። ነጋዴ ግን በገዛው ዕቃ አያለቅስም፤ ገዢ ይፈልግለታል። ኤክስ ወይም ዜድ ያለበት ባለ አምስት ፊደል ቃል ፍለጋ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ስደውልልህ የሰጠኸኝን "ሪላክስ" ለፍራሽ ሻጩ ሰቀልኩለት። ዛሬም ከሥሩ ቆሞ አንጋጦ ያየዋል። "ቲቸር አስታውሰውኝ ነው! ክፍል ውስጥ ስተኛ ስንቴ ቀስቅሰውኛል" እያለ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል። ለሁለተኛው ቃል ስደውል ነው የዘጋህብኝ። እልህ ያዘኝና የገበያችንን ደላላ ጠየቅሁት።

"ኤክስ ያለበት፣ አምስት ፊደል? ምን ችግር አለ!" ብሎ ስልኩ ላይ ያለ ፎቶ አሳየኝ። ከውጭ የመጣ በርሜል ነው፤ ላዩ ላይ አንድ ቃል በቀይ ቀለም፣ በትልቁ ተጽፏል።

"ምን ማለት ነው?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? ግን አንቺው አስቢው። ሰው ዕቃው ላይ በቀይ፣ በትልቁ የሚጽፈው የሚኮራበትን አይደለም?"

አባዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። ቅናሽ በቀይ ይጻፋል፤ አዲስ ገባ በቀይ ይጻፋል። አሳመነኝ። "ቶክሲክ" ብለን ምግብ ቤቱ በር ላይ ሰቀልነው።

ምግብ ቤቱ የዚያ ተማሪህ፣ የጎርናናው ነው። ሰው እንደ ጉድ ጎረፈለት። ጎረፈ እንጂ አልገባም፤ ፎቶ አንስቶ፣ ሆዱን ይዞ ስቆ ይሄዳል። ጎርናናው ደግሞ "ታወቅን!" እያለ ከነሽርጡ ወጥቶ አብሮ ይነሳል። ምሳው ድስቱ ውስጥ ቀረ። በመጨረሻ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣች።

"ሰውየው ምን በድሎሽ ነው?"

"የቱ ሰውዬ? ምን አደረግሁ?"

"ምግብ ቤቱ ላይ 'መርዛማ' ብለሽ በመብራት ጽፈሽበት!"

ክው አልኩ። መሰላል ተሸክሜ ስሮጥ ጎርናናው ነገሩን ሰምቶ ጠበቀኝ። እኔ ላይ ሆኜ ፊደል እነቅላለሁ፣ እሱ ከታች ሆኖ ይጮኻል፦ "ከመርዝ ሥር ጥርሴን ገልጬ ተነሳሁ! ይሄኔ አማቶቼም አይተውታል!" ደላላው "ቢሆንም ስምህ ተጠርቷል" ቢለው በጭልፋ አባረረው።

ከዚያ ያልከኝን አደረግሁ፤ ስልኬን ጠየቅሁት። ኤክስ ያለበትን፣ ዜድ ያለበትን፣ ሁሉንም ባለ አምስት ፊደል ቃል በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው፤ ከነትርጉሙ። መራርጬ ለጎርናናው ወሰድኩለት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አልቀበልም አለኝ።

"ማን መረጠው?"

"ስልክ።"

"እኔን ያስተማረኝ ስልክ ነው እንዴ? ቲቸር ይምጡና ዓይን ዓይኔን አይተው ይስጡኝ። እስከዚያ ጨለማ ይሁን።"

ወሬው እንደ ተስቦ ተዛመተ። ፀጉር አስተካካዩም፣ ልብስ ሰፊዋም "ቲቸር ካልመረጡት አንሰቅልም" ብለው አደሙ። አስተዳደሩ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ሳጥኑን ያልሞላ ሱቅ ይታሸጋል ብሏል። እኔ ፊደል አለኝ፤ ስልኬ ቃል አለው። የማን ቃል የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለንም።

ስትሄድ "ጡረተኛ በር ላይ ከተቀመጠ ገበያ ያርቃል" ብለህ ነበር። ስሜት ውስጥ ሳልገባ፣ በንግድ ዓይን ብቻ ልንገርህ፤ ተሳስተሃል። ሰው መጥቶ ወንበርህን ያይና "አልመጡም?" ብሎ አንድ ምስማር እንኳ ሳይገዛ ይመለሳል። ወንድሜ ደግሞ ሁሉን ነግሮኛል። የሄድከው ልጆቹን ልታስጠና ነበር፤ ልጆቹ ከስልክ ያጠናሉ፣ አንተ መስኮት ሥር ተቀምጠህ መኪና ትቆጥራለህ አሉ። አባዬ፣ መኪናው አንተ ባታየውም ያልፋል።

እቤት ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሬዲዮውም አንተ በምትሰማው ጣቢያ ላይ እንዳለ ነው። ማዞሪያው ጠንክሮብኝ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው።

ወንድሜንና ሚስቱን ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ መንገዱንም አልጋ በአልጋ ያድርግልህ። መንገድ ያልኩት ለገበያው ሁሉ "ሰኞ ይመጣሉ" ብዬ ስለነገርኩ ነው። ጎርናናው ሸሚዙን አስተኩሷል። ሳትጠይቂኝ ለምን ተናገርሽ ካልክ፣ መጥተህ ፊት ለፊት ተቆጣኝ። ካልመጣህ ግን ደንበኛ ዋሸሁ ማለት ነው፤ ደንበኛ አይዋሽም ብለህ ያሳደግኸኝ ደግሞ አንተው ነህ።

ልጅህ፣
ነጋዴዋ