አውቶቡሱ ቢቸና የቆመ ዕለት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች። አንተ የወደቅክባትን የድንበር ጥግ ግን ማንም በሬ አያስገባባትም፤ ሣር በቅሎባታል።

ያ ቀን ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ጎረቤታችን ገዛኸኝ የድንበሩን ድንጋይ ነቅሎ ስታገኘው፣ መልሰው አልከው እንጂ እጅህን አላነሳህበትም። በፋስ አንገትህን ሲልህ ምሳህን ይዤ ልደርስ ጥቂት እርምጃ ነበር የቀረኝ። ቁስሉን በነጠላዬ አፍኜ ብይዘው ደምህ በጣቶቼ መሀል እየሾለከ ወጣ። እጄ ላይ ቀረህ።

እሱ ታሰረ። ሚስቱና ልጆቹ ደም ፈርተው ሞጣ ዘመዶቿ ዘንድ ተሰደዱ። ወንድሜ ሙላት በሬ ሸጦ ጠመንጃ ገዛ።

እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ። ዋናው ትምህርቴ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው፤ ሶሲዮሎጂም አብሬ እወስዳለሁ። የቢቸና ሰው ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው እያለ ይጠይቀኛል፤ መልሱን እኔም ገና አላገኘሁትም። አንድ ቀን መምህራችን ሁለት አገሮች ተፈራርተው ሲታጠቁ፣ በታጠቁ ቁጥርም ፍርሃታቸው ሲብስ በሰሌዳ ላይ ስሎ አሳየን። እኔ የታየኝ የኛና የነገዛኸኝ አጥር ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የሶሲዮሎጂ መምህርታችን ደም መመላለስ በየአገራችሁ እንዴት እንደሚበርድ ጽፋችሁ አምጡ ብላ በቡድን መደበችን። ቀና ስል ከፊቴ የተቀመጠው ይበልጣል ነው፤ የገዛኸኝ የበኩር ልጅ። እሱም ሲያየኝ አመድ መሰለ። ስለ እርቅ የሚያወራ ጽሑፍ አብረን ጻፍን፤ ጥሩ ውጤትም አገኘን። እኔ ግን እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ማጅራቱን ነበር የማየው።

አባዬ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ላንተ ልናገር። ይበልጣል ለፋሲካ ወደ ሞጣ የሚሄድበትን ቀን ለሙላት በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ቢቸና እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው አውቶቡስ እኔም ትኬት ቆረጥኩ፤ ሲገደል ላየው ፈልጌ።

ደጀን ለምሳ ስንወርድ ይበልጣል አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

‹‹ሙላት እንደሚጠብቀኝ ልቤ ነግሮኛል›› አለኝ። ‹‹እናቴ ታማለች፤ ሳላያት እንዳትሞትብኝ። አንቺ ግን ቢቸና ስንደርስ ቀድመሽ ውረጂ። ዳግመኛ ደም እንዳታዪ።››

ለሙላት ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ቢቸና ስንደርስ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሟል። የበሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ መንገዱን ዘጋሁበት። ልቀቂ አለኝ። አልለቀቅኩም። በሰደፉ አፌን ሲመታኝ ሁለት ጥርሴ ረገፈ። ደገመኝ፤ ጉንጬ ተተረተረ። ሰው ተረባርቦ መሬት ላይ ሲጥለው ጠመንጃው ባረቀና ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። እኔን ተሸክመው አወረዱኝ፤ ሾፌሩም በሩን ሳይዘጋ ነድቶት ወጣ።

ሙላት ታሰረ። እማዬ የተሰፋውን ፊቴን ስታይ አላለቀሰችም። በሳምንቱ ቄስና ሽማግሌ ይዛ ሞጣ ወረደች፤ የታመመችውን ሴትዮ ደጅ ራሷ አንኳኳች። ሁለቱ እናቶች ከሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ አብረው ማልቀሳቸውን ሰማሁ። እርቁ ከክረምቱ በፊት ወረደ። አንተ ትከፋ እንደሁ አላውቅም። እኔ ግን በዚያ ቀን እፎይ ብያለሁ።

ሙላት ከተፈታ ወር ሆኖታል። ፊቴን አያይም። ባለፈው እሁድ ብቻ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣

‹‹ካልፈለግሽ ለምን ነገርሽኝ?›› አለኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ወንድሟን ከደም ያዳነች እያለ ሲያወድሰኝ፣ ለሁለት ወር በእስር የማቀቀው እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። ከመሄዴ በፊት ለሙላት ለምን እንደነገርኩት፣ ለእማዬም ቀኑን የነገርኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ፤ ስመለስ ለይበልጣልም። አንተን አልረሳህም፣ አባዬ። እጅህን ሳታነሳ መልሰው ያልክበትን ድምፅ እስክሞት አስታውሳለሁ፤ እኔ በዚያ ስልክ ያወራሁበትን ድምፅም እንዲሁ።

ልጅህ