ወደ ጎን የምትተፋ ሽጉጥ

ሰናይያ፣ አል ዐይን
ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሳሊሕ፣

ብዕሩን የያዘው ባዬ ነው፤ የጎጃሙ፣ እዚህ ሰናይያ ጋራዥ የሚሠራው። ቃሉ ግን የኔ ነው። ላሳምረው ቢለኝ «ያልኩህን ብቻ ጻፍ፤ ማሳመር ለመኪና ነው» ብዬዋለሁ። ለእናትህ፣ ለእህትህ ለሐፍሳና ለልጆቿ ሰላምታዬን አድርስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከድቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ ጎረቤታችን ዐብዱራህማን ታሞ መተኛቱን፣ እንደማይነሣም ነገርከኝ። «ከድር አውፍ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ፤ የልጁን ዐይን ተሸክሜ መቃብር አልግባ» ብሎሃል። እኔም «ልጄን በአንድ ዐይን ያስቀረ ሰው አውፍ አይባልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብህ። መልሱ ይህ ወረቀት ነው። በስልክ ብጀምረው መሀል ላይ ቃሌን እመልሰዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የተጻፈ ግን አይመለስም።

የምጠብቀው እርሻ ባለቤት፣ ዋስ ሆኖ ያስቀመጠኝ ካፊሌ፣ የድሮ ወታደር ነው። የጦር ሠራዊት አርጅተዋል ብሎ የጣላቸውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች በፈቃድ ይሰበስባል። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ተኩስ ክለቡ ሲሄድ ሣጥኑን የምሸከምለት እኔ ነኝ። ልጆቹ አዲስ፣ ጥቁር፣ ላስቲክ የመሰለ መሣሪያ ይዘው ይስቁበታል። እሱ ግን «የናንተ ራሱ ይተኩሳል፤ ይቺ ሰው ትፈልጋለች» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ቀለሟ ተልጦ ብረቷ እንደ አሮጌ ሳንቲም ነጥቷል። እጀታዋን የማናውቀው ወታደር መዳፍ አለስልሶታል፤ ስትይዛት የሞተ ሰው የጨበጥክ ይመስልሃል። ቃታዋ ከባድ ነው። ስትስበው ጥይት የምትጎርስበት ከበሮዋ ቀጭ ብሎ ይዞራል፤ ከዚያ ክንድህን እስከ ትከሻህ ትንጠዋለች። ብትስት ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ብትመታም ክብሩ ያንተ ነው። ሽማግሌ የሚወዳት ለዚህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ካፊሌ «ያ ከድር፣ ና እስቲ፤ ሐበሻ ተኳሽ ነው ይላሉ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ሊቀርጸኝ ስልኩን አወጣ። ተኮስኩ። ከስድስቱ አምስቱን መሀል ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳቁ ኸላስ ሆነ። አልዋሽህም ሳሊሕ፣ ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው በር ስከፍትና ስዘጋ በኖርኩበት አገር ያን ቀን ሰው ሆንኩ።

ከዚያ ካፊሌ በስተቀኜ የቆመውን የካርቶን መከለያ አየና ፊቱ ተለወጠ። ካርቶኑ ተበሳስቷል፤ ቀጫጭን የጥይት እርሳስ ተሰክቶበታል። «ይቺ ከእንግዲህ አትተኮስም» አለ። «ከበሮዋ ላልቷል፤ ከአፈሙዟ ጋር ልክ አይገጥምም። ጥይቱን እየላጠች ወደ ጎን ትተፋለች። አጠገብህ ሰው ቢቆም ፊቱን በበሳችው ነበር።»

አንዱን ነቅዬ መዳፌ ላይ አደረግኩት። እንደ ጥፍር ቁራጭ ስስ ነው፤ ጫፉ ተጠቅልሏል። ደሴ ሐኪሙ ከዐይንህ አውጥቶ ጥጥ ላይ አድርጎ ያሳየኝም እንዲህ ያለ ነበር።

የሐፍሳን ሠርግ ታስታውሳለህ። ለእረፍት ከዚህ ገብቼ፣ ሰው ይየኝ ብዬ የአባቴን አሮጌ ሽጉጥ ከሣጥን አወጣሁ። አንተ ዐሥራ አራት ዓመትህ ነበር። ባሩድ ያልሸተተው ልጅ ወንድ አይሆንም ብዬ በቀኜ አቆምኩህ። ዐብዱራህማን ጠመንጃውን ይዞ በወዲያኛው ጎንህ ቆሟል። «ከድሬ፣ የዚያች አሮጊት ከበሮ ይወዛወዛል፤ ልጁን ከጎንህ አርቀው» አለኝ። በሰው ፊት «አንተ ፍራ፤ የኔ ልጅ አይፈራም» አልኩት። እኩል ተኮስን። እሱ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎት ኖሮ ጥይቱ ካቡን መታው። አንተ ዐይንህን ይዘህ ወደቅህ። «የካቡ ፍንጣሪ ነው! ዐብዱራህማን ነው!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ማን ነበር? እኔ ነኝ።

አስታራቂው ሽማግሌ፣ አበጋሩ ፊት ሲቀርብ እሱ አልተከራከረም። አምኖ ጠመንጃውን አስረከበ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአገራችን የሐርቡ ልጆች «ዐይን አጥፊው» እያሉ ሲጠሩት ኖረ። የኔን ሽጉጥ ማንም አምጣ አላለኝም። በማግስቱ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጥያት ነበር።

«ለምን ጣሏት ጋሼ?» ይለኛል ባዬ። ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት።

ለምን አገር አትገባም ስትለኝ ካፊሉ ከለከለኝ እልህ ነበር። ካፊሌ ከልክሎኝ አያውቅም። በየዓመቱ «አትሄድም ወይ?» የሚለኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ «ዐብዱራህማንን ይቅር ብሎሃል በልልኝ» ብለህ ጻፍ አልኩት። ባዬ ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ ከድር፣ ይቅር ባዩ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ጸሐፊ ሁን አልኩህ እንጂ አበጋር ማን አደረገህ?»

ብዕሩን አላነሣም። «ሰርዘው» አልኩት። ስርዙን ታየዋለህ።

በል ስማኝ። ረሺዳ፣ አቡ ዳቢ አል ዛሂያ ሰው ቤት የምትሠራው የሐርቧ ልጅ፣ እሑድ ትገባለች፤ ወረቀቱን በእጅህ ትሰጥሃለች። ሳታሳድር አበጋሩን ጥራ። ዐብዱራህማን አልጋ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብለህ አንብበው። የሳሊሕን ዐይን ያጠፋሁት እኔ ከድር ነኝ። እሱ አይደለም። አውፍ በለው ብለህ እንዳትለምንልኝ፤ እሱ ይወቀው፣ ይበቃል። ካልደረስክበት መቃብሩ ላይ አንብበው።

አንተንም አውፍ በለኝ አልልህም። ብጠይቅህ ትለኛለህ፤ ልብህን አውቀዋለሁ። አውፍ ማለትህን ደግሞ አልችለውም።

አላህ በቀረችህ ዐይን ደግ ደጉን ያሳይህ። ከኔ የሻልክ አባት ያድርግህ።

አባትህ ከድር ሙሄ
ከታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ቀለም ስላጣን በጋራዥ ዘይት ነው ያተምኩት።

ባዬ፣ ጨረስኩ። በል አንብብልኝ። ሌላውን ፈጠን በልበት፤ «በቀኜ አቆምኩህ» የምትለዋ ጋ ስትደርስ ግን ሁለቴ አንብባት፤ ሳትቀንስልኝ መጻፍህን ልወቅ።