አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሀብሩ

ጎረቤቴ አያ ሰይድ ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ ማዶ ያለችው እህታቸው መሞቷን ሰሙ። ለቀብሩ እንዳደርሳቸው ለመኑኝ። ታንኳዬ ላይ ሸራ ከወጠርኩ ገና ሳምንቴ ነው።

መሀል ስንደርስ ነፋሱ ደከመ። ታንኳዋ መሄዷም አያስታውቅም።

“አያ ሰይድ፣ ልቅዘፍ እንዴ?” አልኳቸው።

“ተወው ልጄ፣ አትልፋ። ያደርሰናል ኢንሻአላህ።”

የእኛ አገር ሽማግሌ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ እንደማይል አውቃለሁ። ምሳ ቀርቦለት እንኳ ሦስቴ ካልለመኑት እጁን አይታጠብም። እኔ ግን ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። ማዶ ያሉት ሰዎች በሸራ ስመጣ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ከዳሩ ሳይነቅሉ ተቀምጠዋል።

ስንደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነው። የሟቿ ባል አያ ሰይድን አቅፎ፣ “ጠብቀን ጠብቀን ስትቀርብን ቀበርናት” አላቸው።

“ነፋስ አጥተን ነው። ይኸ ሰው ምን ያድርግ፣ ከሥራው አስፈትቼው” አሉ አያ ሰይድ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ አመሰገነኝ።

“አዎ፣ ነፋስ አልነበረም” አልኩ።