ዶኛ ኤንግራሲያ ቶለንቲኖ፦ በቤት እማዬ፣ በደጅ እትዬ

ዶኛ ኤንግራሲያ ቶለንቲኖ ከአባታቸው ከዶን ማካሪዮ ቶለንቲኖና ከእናታቸው ከዶኛ ፓስ ሩይስ በቬራክሩስ ግዛት፣ በኦሪሳባ ከተማ ኤፕሪል 16 ቀን 1891 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ይህን ዓመት ስጠራ ከመካከላችሁ ጉሮሮውን የሚጠርግ እንደሚኖር አውቃለሁ። የቴአትር ቤቱ ማስታወቂያ 1897 ይል ነበር፤ ጋዜጦቹ 1900 ብለው ጽፈዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጎረቤታችን "ስድሳ ሊሞላኝ ነው" ብለዋታል። ዳሩ ግን እዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ታላቅ ወንድማቸው ዶን ካሲሚሮ፣ "እኔ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። እሷ ባራት ዓመት ታንሰኛለች። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ስለምትቆጣኝ ነው እንጂ አሁንማ አስከሬን ፊት አልዋሽም" ስላሉ በእሳቸው ቃል ጸንተናል። አያታችን ይቅር ይበሉን።

አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናታቸው የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ትምህርታቸውን በመነኮሳይት ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በደብሩ በየገናው በሚታየው የእረኞች ጨዋታ ላይ ወንዶቹ ልጆች የሰይጣኑን ቦታ ስለፈሩት እሳቸው በአሥራ አንድ ዓመታቸው ቀንድ አድርገው ገቡ። በዚያ ዓመት ሕዝቡ ለመልአኩ ሳይሆን ለሰይጣኑ አጨበጨበ። ቄሱ እናታቸውን ጠርተው፣ "ዶኛ ፓስ፣ ልጅሽ ጠላታችንን አስወደደችብን፤ ለከርሞ መልአክ ትሁን" ቢሏቸው አያታችን "መልአክ ብዙ አይናገርም" ብለው እምቢ አሉ።

በ1907 በኦሪሳባ ካለፈ አንድ ተዘዋዋሪ የቴአትር ጓድ ጋር ወደ ዋና ከተማው ሜክሲኮ ሲቲ መጡና አውሮራ በሚባለው ቴአትር ቤት በኋላ ረድፍ ተወዛዋዥነት ተቀጠሩ። የኦርኬስትራው ትሮምቦን ተጫዋች ዶን ሂላሪዮ ሴፔዳ እሳቸው መድረክ በወጡ ቁጥር ዜማ ይስት ነበር። አንድ ቀን ከመድረክ ወርደው፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው የምታበላሽብኝ?" ቢሉት፣ "አንቺን እያየሁ ኖታውን ማንበብ አልቻልኩም" አላቸው። በ1909 ተጋቡ። በቀጣዩ ዓመት እናቴን አምፓሮን ወለዱ። በፌብሩዋሪ 1913፣ በመንግሥት ግልበጣ ከተማው ለአሥር ቀን በመድፍ ሲደበደብ፣ ዶን ሂላሪዮ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ተባራሪ ጥይት መታውና ሞተ። አያታችን በሃያ አንድ ዓመታቸው የሕፃን ልጅ እናትና ባል የሌላቸው ሴት ሆኑ።

የቴአትር ቤቱ ባለቤት ዶን ፉልሄንሲዮ አሪዬታ ኀዘናቸው ሳይወጣ አስጠራቸው። ከኋላው ረድፍ አውጥቶ ዋና ተዋናይት ሊያደርጋቸው ፈልጎ ነበር። ግን አንድ ነገር አከለ፦ "ግራሲያ፣ ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ሊያልም ነው። እናትን ደግሞ ማን ያልማል? ያቺ በልብስ መቀየሪያው ክፍል የምትተኛው ልጅ ማን ናት?"

አያታችን ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ "እህቴ ናት" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሕግ ወጣ። ከበሩ ወዲህ "እማዬ"፣ ከበሩ ወዲያ "እትዬ"። እናቴ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ይህን አጠናች። ገበያ መሀል ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ "እማ..." ብላ ትጀምርና ሰው መኖሩን አይታ "...እትዬ!" ብላ ትጨርሰው ነበር። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ፣ "እንዴ፣ ይህቺ ልጅ እህቷን በሁለት ስም ነው እንዴ የምትጠራት?" ብላ ገበያውን ሁሉ አሳቀችው። አያታችንም አብረው ሳቁ። ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ግን እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትነግረኝም በቅሬታ አልነበረም።

ስለ ሥራቸው ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ ዕቃውም፣ የአየሩ ጠባይም፣ የመንግሥቱም ጉዳይ ሰው ሆኖ ይዘፍን ነበር፤ እሳቸውም ትራም ሆነዋል፣ ድርቅ ሆነዋል፣ የኤሌክትሪክ መብራት ሆነዋል፣ አንድ ጊዜም የሚኒስትር ጺም ሆነው ሚኒስትሩ ራሱ መጥቶ እየሳቀ አይቷቸዋል። ከላይኛው ሰገነት የሚቀመጠው ሕዝብ ምላሱ ስለታም ነበር። "ግራሲያ! ስንት ዓመትሽ ነው?" ሲላቸው፣ "ካንተ እበልጣለሁ፣ ከእናትህ አንሳለሁ፤ አሁን ዝም ብለህ ስማኝ!" ብለው ይመልሱለታል። በ1921 ሃቫና ሄደው ባርኔጣ ሲወረወርላቸው አምሽተዋል። በሦስት ድምፅ አልባ ፊልሞችም ተውነዋል። በአንደኛው ከጀልባ ላይ ወደ ሶቺሚልኮ ቦይ መዝለል ነበረባቸውና ዘለሉ፤ መዋኘት ግን አይችሉም ነበር። ካሜራ የያዘው ሰው "ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!" እያለ ሲያነሳ ቆይቶ ጀልባ ቀዛፊው ነው በፀጉራቸው ጎትቶ ያወጣቸው። ጋዜጦቹ ያን ትዕይንት እስኪበቃቸው አወደሱት። እሳቸው ግን "እየሰጠምኩ ነበር እኮ፤ ምኑን ተወንኩት?" ይሉ ነበር።

በላባና በመብራት መሀል ባገኙት ሁሉ የወላጆቻቸውን ቤት አደሱ፣ የወንድማቸውን ልጆች አስተማሩ፣ እናቴን መምህርት እስክትሆን ድረስ ምንም ሳያጎድሉ አሳደጓት። እዚህ ያለነው ሁሉ የእሳቸውን እንጀራ የበላን ነን፤ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ችግሩ ዕድሜው ነበር። እናቴ በየዓመቱ ስታድግ እሳቸው በየዓመቱ ያንሱ ነበርና ሁለቱ መንገድ ላይ ሊገናኙ ሆነ። ስለዚህ እናቴ ለሦስት ዓመታት ያህል አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆናት፣ ማለትም በሕዝብ ፊት አሥራ አምስት ሲሆናት፣ "እማዬ፣ ይሄ ነገር እስከ መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች። "ውሌ እስኪያልቅ ነው ልጄ፤ ከዚያ በኋላ በአደባባይ ጥሪኝ" አሏት። ውሉ አለቀ። ታደሰ። እንደገና አለቀ፤ እንደገና ታደሰ። እናቴ ድጋሚ አልጠየቀችም፤ ግን ከቤት ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ መዝጋት እንደጀመረች አያታችን አስተውለው ነበር።

በ1931 እናቴ ፋርማሲስቱን አባቴን ዶን ቴዎፊሎ ጋርሳን ልታገባ ሆነ። እንደ ወጋችን ሙሽራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት እቤቷ ተንበርክካ በእናቷ መመረቅ አለባት። ሳሎኑ በቴአትር ሰዎችና በጋዜጠኞች ሊሞላ ነው፤ ዶን ፉልሄንሲዮም ይመጣል፤ ውሉ የሚታደሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መላ ያመጣው እሱ ነበር፤ "የእህትማማቾቹ እናት ሞታለች። በእሷ ፈንታ አክስት ትመርቅ። ዶኛ ሬሜዲዮስ ምን ሠርታ ትበላለች?" አለ። ዶኛ ሬሜዲዮስ አልኮሴር በአውሮራ መድረክ ዕድሜ ልካቸውን እናት ሆነው የተወኑ ሴት ነበሩ። እናቴ መሬት መሬት እያየች "እሺ" አለች።

ቀኑ ደረሰ። ዶኛ ሬሜዲዮስ ጥቁር ሻሽ አድርገው ወንበር ላይ ተሰየሙ። እናቴ ቬሏን አስተካክላ ተንበረከከች። አያታችን እንደ እህት ጥግ ላይ ቆሙ። ዶኛ ሬሜዲዮስ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ድምፃቸውን እያንቀጠቀጡ ጀመሩ፤ ሰው ሲያዩ የለመዱት መጣባቸውና የሚያውቁትን ወረዱት።

"የማኅፀኔ ፍሬ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ልጄ ሮሳሊያ ሆይ..."

ሮሳሊያ ከሠርጉ በፊት በነበረው ክረምት መድረክ ላይ በሳንባ በሽታ የሞተችው ገጸ ባሕርይ ናት። ጋዜጠኞቹ ተያዩ። አያታችን ከጥጋቸው ተስፈነጠሩ።

"አምፓሮ ነው ስሟ! የሞተች ሴት ስም ትጠሪባታለሽ? ተነሺልኝ ከዚያ! ልጄን የምመርቀው እኔ ነኝ!"

ዶን ፉልሄንሲዮ "ግራሲያ፣ ምን አልሽ?" አለ።

"ሰምተኸኛል። አምጬ የወለድኳት ልጄ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የእኔን ደግሞ አንተው ደምረህ ድረስበት።"

ዶኛ ሬሜዲዮስ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተነሡና "እኔም እኮ ቦታው ደስ አላለኝም ነበር፤ ልምምድ እንኳን አልተደረገም" አሉ። ያኔ እናቴ እንደተንበረከከች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰው ፊት ከአፏ ያልወጣውን ቃል ጮክ ብላ "እማዬ!" አለች። መድረክ ላይ አንድ ቃል ረስተው የማያውቁት አያታችን ምርቃቱ በሙሉ ጠፋቸው። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው "ልጄ... ልጄ... በቃ፣ ይኸው ልጄ" አሉ፤ ያን ያህል ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ "እኔ አማት የለብኝም ብዬ ነበር የገባሁበት" እያለ ይቀልድ ነበር።

ውሉ አልታደሰም። የቀረችው አንዲት የቅዳሜ ትርኢት ነበረች። በዚያች ምሽት፣ ወሬው በጋዜጣ ወጥቶ ስለነበር፣ ገና ብቅ ሲሉ ሰገነቱ "አያቴ! እማማ ግራሲያ! መቁጠሪያሽን ረሳሽ!" እያለ ተቀበላቸው። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው ወደ ላይ አንጋጠጡና፣ "የማን ልጅ ነው እዚያ ላይ የሚጮኸው? እራትህን በልተሃል? ውረድና ጆሮህን ልቆንጥጥህ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አፍታም ሳይቆይ ያው የሚያላግጠው ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበላቸው።

ከዚያ ወዲያ ላባ አልለበሱም። በሌላ ቴአትር ቤት፣ በሬዲዮ፣ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣም በፊልም፣ እናት ሆነው ሠሩ፤ ይህ ሁለተኛው ሥራቸው ከመጀመሪያው ይልቅ ረዘመ። በእናትነታቸው ተባረው በእናትነታቸው ኖሩ። ቤታቸውም ምሽት ምሽት ለሥራ የሚወጡ ተወዛዋዦች ልጆቻቸውን የሚያስተኙበት ቤት ሆነ። አንዷ ልጇን "የአክስቴ ልጅ ናት" ብላ ልታስተዋውቅ ብትሞክር፣ "እዚህ ቤት የአክስት ልጅ አናስተኛም፤ የራስሽን አምጪ" ይሏት ነበር። ዛሬ እነዚያ ልጆች ፀጉራቸው ሸብቶ በኋላ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል።

ከ1969 ጀምሮ የማስታወስ ችሎታቸው ይደክም ጀመር። በሽታው ወደ ቀድሞው ዘመን መለሳቸው። የስድሳ ዓመቷን እናቴን ለአስታማሚያቸው "ይህቺ ታላቅ እህቴ ናት" እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። አስታማሚዋ ሳቀች፤ እናቴ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች። ተመልሳ ግን "አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ" አለቻቸው፤ ከዚያም በኋላ በየቀኑ እንዲሁ አለች። አንዳንድ ቀን ብቻ አያታችን አንገታቸውን ከትራስ ያነሱና፣

"ደጅ ሰው አለ?" ይሏታል።

"ማንም የለም።"

"በይ እንግዲያው፣ ድምፅሽን ዝግ አድርገሽ እማዬ በዪኝ።"

ዶኛ ኤንግራሲያ ቶለንቲኖ ኖቬምበር 3 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በሳንታ ማሪያ ላ ሪቤራ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ታላቅ ወንድማቸውን ዶን ካሲሚሮን፣ እኔን ሃሲንታን ጨምሮ ሦስት የልጅ ልጆችንና ልጃቸውን አምፓሮ ሴፔዳን ትተውልን ሄደዋል። በዚህ ጽሑፍ "ልጃቸው" የሚለው ቃል በስህተት እንዳይዘለል እናቴ ረቂቁን አራት ጊዜ አይታዋለች። የመጨረሻውንም ቃል እኔ ልበለው ስላለች ቦታውን ለእሷ እለቃለሁ።

እማዬ፣ ዛሬ ሰው አለ። ቤቱም ደጁም ሞልቷል፤ ሁሉም እየሰማኝ ነው። እማዬ። እግዚአብሔር ደጅ ሳያቆምሽ ያስገባሽ።