የጄናሊን ሸሚዝ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለኔስቶር፤

ባሕሩና መርከቡ እንዴት ይዘውሃል? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ልጅህ ጄናሊን ፖሊስ ሆነችልህ። ከተማችን አሁን የትራፊክ መብራት አላት፤ እሷም ሥሩ ትቆማለች። ጎረቤታችን እትዬ ፌሊ በዚያ ሲያልፉ፣ «አንቺ ልጅ፣ ትናንት ለከረሜላ ሱቄ በር ላይ ስታለቅሺ አልነበር? ዛሬ እኔን ታስቆሚኛለሽ!» ብለው መንገደኛውን ሁሉ አሳቁት።

በቀደም ሰሌዳ የሌለው መኪና አስቁማ ነበር። ሾፌሩ አልተቆጣም። ደረቷ ላይ የተሰፋውን ስሟን አነበበና፣ «ጄናሊን፣ ስምሽ ያምራል፤ አልረሳውም» ብሏት ሄደ። ጨዋ ሰው ነው መቼም።

ማክሰኞ ሸሚዟን አጥቤ ደጅ ባሰጣው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ አገኘሁት፤ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ። እኔ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አልተኩስም። ስሟ ያለበት ጨርቅ ብቻ የለም። «ክሩ አርጅቶ ይሆናል» አልኳት።

አሁን ልብሷን ጓዳ ነው የማሰጣው፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል። ስትመጣ ለባጃጁ የልብስ ሰፊዋ ቤት በለው፤ የፖሊሷን ቤት እንዳትል። ደግሞ እስቲ ጠይቅልኝ፤ መርከባችሁ ላይ ለሴት ልጅ ሥራ ይኖር ይሆን? ወጥ ቤትም ቢሆን ግድ የለም።

ድንግል ማርያም ከማዕበሉ ትሰውርህ፤ በደህና ታገናኘን።

ባለቤትህ ሮሳሪዮ

ልረሳው ነበር፦ ያንን ጨርቅ ባለፈው ወር የሰፋሁት እኔው ነኝ። በአዲስ ክር፣ በድርብ።