ባዶ ቦታ በመሙላቴ ስለ ታሰርሁበት ጉዳይ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር አቶ ሙላት አድማሴ፣
የጮቄ ነጋዴዎች ባንክ የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በእርስዎ ቸርነት ሁለት ቀን በፖሊስ ጣቢያ ሲሚንቶ ላይ ተኝቼ ከያዘኝ የወገብ ቁርጥማት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ያዋረዱኝ በአደባባይ ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬ በጓዳ ቢደርስዎ ነውር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው።

፩ኛ/ ስለ አዲሱ ቼክ አመሰግናለሁ። ባለፈው ኅዳር ከግርጌው የተወላገዱ ቁጥሮች የታተሙበትን ቼክ ለደንበኞች ሲያድሉ፣ አዲስ አበባ የገባው የሒሳብ መኪና ቁጥሮቹን ራሱ እያነበበ የማን ሒሳብ እንደ ሆነ እንደሚለይ በኩራት ነግረውናል። በቁጥሮቹ ዙሪያ ያለው ነጭ ቦታ እንዳይነካ ግን ለማንም አልነገሩም፤ ነግረውም እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ፣ በቼኩ ደብተር ጀርባ፣ የቁንጫ ዓይን በሚያክል ፊደል ነው።

፪ኛ/ እኔ መሪጌታ አካለ ወልድ ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ መጻፍ የተማርሁት ዲማ ነው። መምህሬ እንዳስተማሩኝ ጸሐፊ ባዶ ቦታ ትቶ አይነሣም፤ ክፉ ሰው ቃል እንዳይጨምርበት የተረፈውን በቀይና በጥቁር ነጠብጣብ ይሞላዋል። ስለዚህ የይጁቤዋ የእህል ነጋዴ ወይዘሮ የብርጓል፣ መጻፍ ስለማይችሉ፣ እንደ ወትሮው እኔ ጽፌላቸው በጣታቸው ሊፈርሙ ቼካቸውን ሲያመጡልኝ፣ የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን ልክ ከጻፍሁ በኋላ ያን ባዶ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ነጠብጣብ ሞላሁት፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለውንም ክፍተት አልማርሁትም። እንዲያውም አምሮልኝ ነበር።

፫ኛ/ መኪናዎ ቼኩን አላነብም ብሎ መለሰው፤ ሙጫ የገባበት ቀለሜም ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ግማሽ ቀን ሥራ አስፈታው አሉ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም። እርስዎ ግን ምን አስበህ ነው ብሎ መጠየቅ ጊዜ ስለሚፈጅብዎ፣ ገበያተኛው በሞላበት አዳራሽ አስጠርተው አጭበርባሪ፣ ቁጥር ደላዥ ብለው ለፖሊስ አስረከቡኝ። ማንም እንዳያጭበረብር ብሎ በሠራው ሥራ አጭበርባሪ ለመባል የበቃ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርምና ለዚህ ክብር እጅ እነሣለሁ።

፬ኛ/ ወይዘሮ የብርጓል ጣቢያ ድረስ መጥተው፣ ቼኩ የራሳቸው እንደ ሆነና እኔም በፈቃዳቸው እንደ ጻፍሁ መስክረው ካስፈቱኝ በኋላ፣ ከእርስዎ የለመንሁት ካሳ አልነበረም፤ ሰውየው አላጭበረበረም የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። የደብራችን አለቃ፣ በማጭበርበር የተጠረጠረ እጅ ቅዱስ መጽሐፍ አይነካም ብለው፣ ሦስት ዓመት የደከምሁበትን ገድል ስምንት ቅጠል ሲቀረው ከእጄ ወሰዱት፤ ያችን መስመር ካላመጣሁም ለሌላ ጸሐፊ እንደሚሰጡት አስጠነቀቁኝ። ስድስት ቀን ደጅ ጠናሁ። በስድስተኛው ቀን መኪና አይሳሳትም ብለው በዘበኛ አስወጡኝ። አቶ ሙላት፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ።

ገድሉ ባለፈው ሰኞ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔም እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ማመልከቻ መጻፍ ጀምሬአለሁ። በእኔ የደረሰውን ሰምተው ከደብረ ማርቆስ፣ ከይጁቤና ከመርጡለ ማርያም ለመጡ አንድ መቶ አሥራ አራት የባንክዎ ደንበኞች፣ ያስቀመጡት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስላቸው የሚጠይቅ ማመልከቻ ያለ ዋጋ ጽፌላቸዋለሁ፤ ሁሉም የሚቀርቡት በአንድ ቀን፣ በመጪው ሐሙስ በማለዳ ነው። ደስ እንዳለኝ አልደብቅዎትም፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የጻፍሁት ጽሑፍ የለም።

በዚያ ማለዳ ለእርስዎ ጽናቱን፣ ለካዝናዎ ስፋቱን እየተመኘሁ፣ ውለታዎን ሳልከፍል ላልሞት የማልሁት ትሑት አገልጋይዎ፣
መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የቀድሞ ቁም ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ከመቶ አሥራ አራቱ የመጀመሪያውን ተራ የያዙት ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ጥላነሽ ናቸው። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ልጃቸው የሠራውን ከገበያ ሰምተው ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው አስጻፉኝ። ሐሙስ ዕለትም በአካል እንደሚገኙ ነግረውኛልና፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው ወንበር ቢያዘጋጁላቸው ደግ ነው።